ከመርዶ ስሸሽ

ሲያትል ውስጥ እኛ ሰዎች መርዶ የምንናገረው በሙያ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አገር ቤት ሰው ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለሐዘንተኛዋ ሳይሆን ለዘመዷ ወይም ለጎረቤቷ ነው። እሱ ለሌላው ይደውላል፣ ሌላው ለሌላው፣ ከዚያ ምክክር ይጀመራል። ደም ብዛት አለባት ወይ? ስኳርስ? መኪና እየነዳች እንዳትሰማ ማን ይጠብቃት? ለአለቃዋ ማን ይንገር? ሁሉም በየፈርጁ ከታሰበበት በኋላ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ለሥራ ከመውጣቷ በፊት በሯ ይንኳኳል። ከፊት ሽማግሌ፣ ከኋላ ስትወድቅ ወገቧን የሚይዙ ጠንካራ ሴቶች። በስልክ መርዶ የተናገረ ሰው እኛ ዘንድ ከሰው አይቆጠርም።

ከጠንካራዎቹ ሴቶች አንዷ እኔ ነኝ። ሲታክ፣ ከሲያትል አየር ማረፊያ አጠገብ፣ ሆቴል ውስጥ ስንት ዓመት ፍራሽ ያገላበጠ ክንድ አለኝ፣ ሆዴም ቶሎ አይባባም። ሶ፣ ሰው በሞተ ቁጥር ይደወልልኛል። መኪናዬ ኋላ፣ ከትርፍ ጎማው አጠገብ፣ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሻርፕ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ውሸቱንም እችልበታለሁ። ከአፓርትመንቴ በታች የሚኖሩ እትዬ የምላቸው ሴት አሉ፤ ወላጆቻቸው ከአስመራ፣ እሳቸው ግን አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ። ወንድማቸው ያረፉ ጊዜ ከሥራ ቦታቸው ያመጣኋቸው እኔ ነበርኩ። መንገዱን ሙሉ «ኧረ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ምን አስጨነቀዎት» እያልኩ፣ ሲጠይቁኝ እየማልኩላቸው። በኋላም አልተቀየሙኝም፤ ወጉ ነዋ።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ላይ ሳለሁ የአክስቴ ልጅ ኮል አደረገኝ። ኤቨረት ነው የሚኖረው፣ አውሮፕላን ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ በሥራ ቀን ደውሎ አያውቅም። ድምፁ ለስልሷል። እሱ ደግሞ በተፈጥሮው ለስላሳ ሰው አይደለም፣ ሰላምታው ራሱ ቁጣ ይመስላል። እንዴት ነሽ አለኝ፣ ልጅሽስ አለኝ፣ ሥራስ አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣

«አሁን ብቻሽን ነሽ?» አለኝ።

ሥራ ላይ ነኝ፣ ምን ብቻዬን እሆናለሁ አልኩት። ነገ ጠዋትስ ቤት ትኖሪያለሽ ወይ አለኝ። ነገ እረፍቴ ነው፣ ምነው? ምንም፣ እንዲሁ ብቅ ልል ፈልጌ ነው። እንዲሁ! ከኤቨረት ሲታክ ድረስ በዚያ ትራፊክ እንዲሁ ብቅ የሚል ሰው ገና አልተፈጠረም። ስልኩን ዘግቼ አዲስ አበባ ታናሽ እህቴ ጋ ደወልኩ፤ አታነሳም። ከቆይታ በኋላ ቴክስት ላከችልኝ። «እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ሲመችሽ ደውይልን» ይላል።

እማዬም ደህና ናት። ማን ጠየቀሽ? ሰው ሳይጠየቅለት ደህና ነው ከተባለ አልቆለታል ማለት ነው፤ ይህን እኔ ለማንም አስተምራለሁ እንጂ ማንም ለእኔ አያስተምረኝም። ብደውል የሚጠብቀኝ «ትንሽ ጉንፋን ብጤ ነው» የሚል ውሸት ነው። ነገ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ በሬ ይንኳኳል። የያዝኩትን አንሶላ አጥፌ ጋሪው ላይ አስቀመጥኩት፣ የቀሩኝንም ክፍሎች አዳርሼ ወጣሁ። እንባ የሚባል ነገር ጠብ አላለኝም።

ስለ እናቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሲያትል የመጣችው አንዴ ብቻ ነው፣ ልጄን ስወልድ ልታርሰኝ። እዚህ አገር ሰማይ ሲጠራ ያ ትልቁ በረዷማ ተራራ ብቅ ይላል፣ ሲደምን ደግሞ ጭራሽ የሌለ ይመስላል፤ ስለዚህ ሰዉ ጠዋት ሲገናኝ «ተራራው ወጥቷል» ይባባላል። እማዬ ይህን ስትሰማ በሳቅ ሞተች። ተራራ እንደ ሰው ቤቱ ገብቶ ይወጣል እንዴ! አንድ ቀን ጠዋት በመስኮት በኩል ተገትሮ አየችውና ልጄን ታቅፋ ረጅም ሰዓት ቆማ ቀረች። ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ሁልጊዜ እሑድ ስደውል፣ ሰላምታው እንዳለቀ፣ «ተራራው ወጣ ወይ?» ትለኛለች። አልወጣም ካልኳት «አይዞሽ፣ ይወጣል» ትለኛለች። ልጄ ሃያ ምናምን ዓመቷ ነው፣ ጥያቄው ግን አንድ እሑድ አልተዘለለም።

በዚያ ሐሙስ ሲመሽ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አንድ የእብድ ሐሳብ መጣልኝ። መርዶ እስካልተነገረ ድረስ ሰው አልሞተም። እኛ ዘንድ እንደዚያ አይደል? ሰው ወር ሙሉ ሳይነገረው እየሳቀ ይውላል፣ እናቱ ለእሱ በሕይወት አለች። ታዲያ ካላገኙኝስ? ተራራ ለተራራ ብቻዬን መንዳት ድሮም አመሌ ነው። «ጫካ ውስጥ ምን አለሽ?» እያሉ ሲያሙኝ ኖረዋል። ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ፣ ፊቴን እንኳን በወጉ ሳልታጠብ ቁልፌን ይዤ ወጣሁ። በእትዬ በር ሳልፍ መብራታቸው በርቶ አየሁ። በዚያ ሰዓት ለምን እንደነቁ አውቄያለሁ፣ ለእኔ ነው። ጫማዬን በእጄ ይዤ ደረጃውን ወረድኩ።

መኪና ውስጥ ገብቼ ስልኬን አጠፋሁ። በቃ። ወደ ምሥራቅ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ያዝኩ። ሬድመንድ መገንጠያ ላይ ልጄ ትዝ አለችኝ፣ እዚያ አንድ ትልቅ የኮምፒውተር ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው። ጎራ ብዬ ልቀስቅሳት ይሆን አልኩ። ግን እሷ ደግሞ ፊቴን አይታ በእንግሊዝኛዋ አፋጥጣ ታናዝዘኛለች፣ አለፍኳት።

ስኖኳልሚ የሚባለው የተራራ ማለፊያ ላይ ስደርስ ነጋ። ጥዱ ግራና ቀኝ ጠቁሮ ቆሟል፣ ጉም በመሐሉ ይሳባል፣ ከላይ ጫፉ ላይ የመጀመሪያው በረዶ ጣል ጣል ብሏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን መኪናዬን አቁሜ «ተመስገን» የምልበት ቦታ ነው። ያን ቀን ግን አናደደኝ። ለማን ብሎ ነው እንደዚህ የሚያምረው? ከማለፊያው ወረድ ሲሉ ኪቸለስ የሚባል ሐይቅ አለ፣ በጥቅምት ውኃው ይጎድልና ግድብ ሳይሠራ በፊት የተቆረጡ ዛፎች ጉቶ ከጭቃው ይወጣል። ሐይቅ ዳር ፓርክ አደረግኩና ያንን ጉቶ አየሁ። ጉቶውም ውኃው ሲሸሸው ጊዜ ነው የወጣው አልኩ። የምሮጠው እንግዲህ እስከ መቼ ነው ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

እዚያው ቆሜ ደግሞ እነሱን አሰብኩ፣ ሳቄም መጣ። የአክስቴ ልጅ በወፍራም ኮቱ፣ ሽማግሌው በከዘራቸው፣ እትዬ በነጠላቸው፣ በሬን ሲያንኳኩ ታዩኝ። ብርዱ ነው፣ ካርፔት የሌለው ኮሪደር ነው፣ እኔ የለሁም። እስቲ እናንተም ቅመሷት አልኩ። ብቻዬን መኪና ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

ክሌ ኤለም ከምትባለው ትንሽ ከተማ ወዲያ መንገዱ ወደ ሰሜን ይታጠፍና ሌላ ተራራ ይወጣል። እዚያ ላይ ጥድ የሚመስል ግን በጥቅምት ቢጫ ሆኖ ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ አለ። ጋራው በሙሉ ቢጫ ነበር። ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች በየመታጠፊያው ቆመዋል፤ አንድ ባልና ሚስት አስቁመው እባክሽ አንሺን አሉኝ። አነሳኋቸው። ሴትየዋ እንዴት ያለ የተባረከ ቀን ነው ስትለኝ ኦኬ አልኳት፣ ሌላ ምን ልበላት። ከዚያ በኋላ የፖም እርሻ፣ ትልቁ ወንዝ፣ ራቁቱን የቆመ ቡናማ ኮረብታ፣ ከዚያ ቼላን።

ቼላን ሐይቅ ረጅምና ጠባብ ነው፣ ተራሮች መሐል እንደ ወንዝ ገብቶ ይሄዳል። መኪና መንገዱ ግማሽ እንኳን ሳይደርስ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጀልባ ነው እንጂ ጎማ አይሄድም። እኔም መንገዱ እስከሚያልቅበት ነዳሁ። ያበቃል፣ በቃ፣ ከፊት ውኃና ገደል ነው። ሞተሩን አጠፋሁ። ፀሐይ ወጥታ ውኃው ላይ ታብረቀርቃለች፣ ሰማዩ አንድ ደመና የለውም። ዛሬ በሲያትልም ተራራው ወጥቷል አልኩ በልቤ። እሑድ ሲደርስ ለማን ነው የምነግረው?

ያኔ ነው የፈረስኩት። ከመኪናው ኋላ ላስቲኩን አወጣሁ፣ ጥቁሩን ቀሚስ ከሱሪዬ በላይ አጠለቅሁት፣ ሻርፑን ወገቤ ላይ አሠርኩ። ለሰው ስንት ጊዜ ለብሼዋለሁ፣ አሁን ለራሴ። ውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ቆሜ ደረቴን እየደቃሁ አለቀስኩላት። ሙሾ አውጪ አይደለሁም፣ ግን አፌ የራሱን አወጣ።

«ደመናው ተገፎ ተራራው ቢወጣ፣
ለማን ልነግር ነው ጠያቂዬ ታጣ።»

እሱኑ እየመላለስኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ። ስሟን እየጠራሁ እናትዬ አፈሩ ይቅለልሽ አልኳት። አዎ፣ በዚህ አፌ ነው ያልኩት።

ውሻ ይዞ የሚሄድ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ መጥቶ ራቅ ብሎ ቆመና ምን ልርዳሽ አለኝ።

«እናቴ ሞተችብኝ» አልኩት በእንግሊዝኛ።

ባርኔጣውን አወለቀ፣ ውኃ አምጥቶ ሰጠኝ፣ ውሻው እግሬ ሥር ተኛ። እንግዲህ የእናቴን መርዶ መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ለማላውቀው ሰው፣ ከቤቴ ተራራ ተሻግሬ። ያኔ ግን እፎይታ ነበር የተሰማኝ። ሞቴል ስገባ የእንግዳ ተቀባይዋ ሴትዮ ብቻሽን ነሽ ስትለኝ ደንገጥ አልኩ፣ እሷ እኮ የጠየቀችው ስለ አልጋው ነው። ተኛሁ። ሥራ ላይ እንደዋለ ሰው ድብን ብዬ ተኛሁ፤ ይህንን እንቅልፍ እስካሁን ለራሴ ይቅር አላልኩትም።

በማግሥቱ ቁርስ በልቼ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ጥቁሬን አላወለቅሁም። ልቤ ቀሎኛል፣ እንዲያውም ኮራ ብያለሁ። ሐዘኔን ራሴ ተናግሬ፣ ራሴ አልቅሼ፣ ራሴ ራሴን ደግፌ ጨርሻለሁ፤ አሁን የሚመጡት መጥተው ወጉን ያድርሱ። ለድንኳኑ ምትክ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ፣ ለለቀስተኛው ምግቡን፣ ሁሉንም በሐሳቤ ሳደራጅ ሲታክ ደረስኩ። ስልኬ እንደጠፋ ነው።

የአክስቴ ልጅ መኪና ቆማለች። በሬ ክፍት ነው፣ ጫማ ተደርድሯል። ልጄ ባላት ቁልፍ ከፍታላቸው ኖሯል፣ ሶፋው ጥግ ኩርምት ብላ ፊቷ አብጧል። ስገባ ሁሉም ብድግ አሉ። እትዬ መጀመሪያ ያዩት ጥቁር ሻርፔን ነው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

ማንም አልነገረኝም እትዬ፣ እኔን ማታለል ይቻላል እንዴ፣ ሐሙስ ነው ያወቅኩት አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ከለቅሶ ቤት የማውቀው ዓይነት አተያይ አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ነው አፉን የከፈተው፣ ያ ለስላሳ ድምፁ ጠፍቶ።

«ምኑን ነው ሐሙስ ያወቅሽው? እማማ እኮ ዛሬ ጠዋት ነው ያረፉት።»

ቀሪውን እየተቀባበሉ ነገሩኝ፣ እኔም ቆሜ ሰማሁ። ሐሙስ ዕለት ልቧ ደክሞ ሆስፒታል ገብታለች። ሐኪሞቹ ተስፋ የለም ብለዋል፤ እሷ ግን አእምሮዋ ንጹሕ ነበር፣ ከልጄ ጋር አገናኙኝ እያለች ነበር የምትጠይቀው። እህቴ በስልክ «እማዬ እየሞተች ነው፣ ቶሎ ደውይ» እንዴት ትበለኝ? አይባልም። ብቻዬን ሆኜ የደከመ ድምፅ ሰምቼ ብወድቅስ? ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ጠዋት ከእትዬ ጋር መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ሊያገናኘኝ ተስማሙ። የእትዬ መብራት የበራው ለዚሁ ነበር። ለመርዶ አልነበረም። ደህና ናት ሲሉኝ በሕይወት ነበረች። እነሱ የዋሹኝ ትንሽ ነው፤ ቀሪውን ውሸት የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ በሙያዬ።

ልጄ ያን ጊዜ ተነሥታ ጮኸች፣ በእንግሊዝኛ። ሐሙስ ዕለት ለምን ለእኔ አልነገራችሁኝም፣ እኔ ብሆን አንድ መስመር ጽፌ እልክላት ነበር፣ አያቴ እየሞተች ነው ደውይላት ብዬ፣ በቃ፣ ይኸው ነው! ያልነገሯት እዚህ ያደጉ ልጆች ነገር እንደወረደ ይናገራሉ ብለው ነው። እኔ ወደቅሁ። ስወድቅ ደግሞ የያዘኝ የለም፤ እዚያ ቤት ውስጥ ሰው ሲወድቅ የመያዝ ልማድ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከቀብሩ፣ ከአርባው በኋላ ምን ቀረኝ ብትሉኝ፣ ያ ሐይቅ ቀረኝ። በቁሟ ያለችውን እናቴን አለቀስኩባት። እኛ ዘንድ ይህ ስም አለው፤ ሟርት ይባላል። ንስሐ አባቴ ሞትና ሕይወት በእግዚአብሔር እጅ ነው እንጂ በሙሾ አይደለም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን አፈሩ ይቅለልሽ ስላት ጆሮዋ እየሰማ ነበር፣ አዲስ አበባ መሽቶ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ስልኬን እየጠበቀች ነበር። ይህንን የሚያነሳልኝ ጸሎት አላገኘሁም። አሁን ለመርዶ ሲጠሩኝ አልሄድም። ጥቁሩን ቀሚስ ጣልኩት። ወደ ተራራም አልነዳም፤ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው። ሰዎች ይወጣልሻል ይሉኛል። አይወጣልኝም፣ እንዲወጣልኝም አልፈልግም።

ስልኬን የከፈትኩት ከሠልስቱ በኋላ ነው። በኢንተርኔቱ አላነሳ ስላቸው በመደበኛው መስመር ደውለው ኖሯል፣ ደጋግመው። እዚያ መስመር ላይ ያለው መልስ የእኔ ድምፅ ነው፤ ሥራ ስፈልግ በእንግሊዝኛ የቀረጽኩት፣ አሁን ማንሳት አልችልም፣ መልእክት ተዉልኝ የሚል፣ ደስ ደስ ያለው ድምፅ። እማዬ እንግሊዝኛ አታውቅም። ድምፄን ግን ታውቃለች። እህቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ስታደርግላት ድምፄን ሰማች፣ የመጣሁላት መሰላት።

መልእክቱ ይኸው አለ። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «አቤት፣ መጣሽልኝ» ትላለች። እህቴ ከበስተኋላ እማዬ እሷ አይደለችም፣ ማሽን ነው ትላታለች። «ዝም በይ አንቺ፣ ድምጿን ላጣው ነው?» ትላታለች እማዬ። ከዚያ ልክ እንደ እሑዱ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ የልጅ ልጄስ ደህና ናት ወይ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቢ። ከዚያ፣

«ተራራው ወጣ ወይ?»

ትጠብቃለች። የሆስፒታሉ አልጋ ሲንቋቋ ይሰማል፣ የሆነ ሰው ያስላል። ለመልስ የሚበቃ ጊዜ ነው የምትጠብቀኝ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ።

«ምነው ዝም አልሽኝ ልጄ?»